የግራው ወንበር

ሺሞዳቴ፣ ኤፕሪል 14

ለልጄ ለኪዮካ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ እውነቱ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። ስልክ ላይ ሁለታችንም እንጮሃለን፤ እኔ ጆሮዬ በሞተር ድምፅ ስለደነዘዘ፣ አንቺ ደግሞ እኔ ስለምጮህ። «በደብዳቤ ተነጋገሩ፣ ጎረቤትም ይረፍ» ያለችው እናትሽ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል። ወፍራሙን ካልሲ ሻንጣሽ ውስጥ የከተትኩት እኔ አይደለሁም። አልተቀየምኩሽም። ሱቁን ለማን እንደምተወው ገና አላሰብኩበትም፤ ስድሳ ስድስት ዓመት ብዙ አይደለም፤ ደግሞ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜሽ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ይህን እንዲሁ ነው የጻፍኩት፤ ምንም ለማለት ፈልጌ አይደለም።

«ሥራዬን ለሰው ለምን አትናገርም?» ላልሽው ግን፣ እናገራለሁ። ችግሩ ለሰው አይገባውም። ትናንት ጎማ ነጋዴው ኡሱይ መጥቶ፣

«ልጅህ ሆካይዶ ሄዳ ሹፌር ሆነች አሉ?» አለኝ።

«አሰልጣኝ ናት። መኪና በፍጥነት መንዳት የሚፈልጉ ሰዎችን በእሽቅድድም ሜዳ ላይ ታስተምራለች።»

«ስትነዳ አያስፈራትም?»

«እሷ አትነዳም። ተማሪው በቀኝ ሆኖ ሲነዳ እሷ ከጎኑ ትቀመጣለች። ግራ ወንበር ላይ።»

ትንሽ አሰበና፣ «እኔም እኮ ሚስቴ ስትነዳ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ዕድሜ ልኬን! ማን ደሞዝ ከፈለኝ?» ብሎኝ ሄደ።

አትፍረጂበት። በእኛ አካባቢ ሜዳ ገብቶ መኪናውን የሚያስሮጥ ሰው ብቻውን ነው፤ ሰው አሳፍሮ መግባት ክልክል ነው። ደንበኛ ወደ ሱቃችን ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፦ «የግራውን ወንበር ንቀሉልኝ፣ መኪናዋ ትቅለል።» አንቺ ራስሽ ተማሪ ሳለሽ ስንቱን ነቅለሻል። ቆጡ አሁንም በግራ ወንበር እንደተሞላ ነው። ተሽከርካሪ እግር እየገጠምኩ ለቢሮ እሸጣቸዋለሁ፤ ባለፈው ዓመት አንዱን የላይኛው ቤተ መቅደስ መነኩሴ ወስደውታል።

አሁን ደስ የሚያሰኝሽን ልንገርሽ። ጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ኢጋራሺ ክሊኒካቸውን ለወንድማቸው ልጅ አስረክበው በሚስታቸው አገር ኦቢሂሮ፣ አንቺው አጠገብ፣ ገብተዋል። ነጯን ጣሪያ አልባ መኪናቸውን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ፤ ወንበሩም፣ ቀበቶውም፣ ከኋላቸው የቆመው የብረት ቅስትም የእኔ ነው። «ልጄ ዘንድ ሂዱ» ብያቸዋለሁ። ጥሩ ደንበኛ ነው የላክሁልሽ። ተንከባከቢያቸው።

አባትሽ ሳዳኪቺ


ቶካቺ፣ ሜይ 9

አባዬ፣

በገለባ የተጠቀለለው የአኩሪ አተር ናቶ ደርሷል። ማደሪያው ውስጥ በአንድ ቀን አለቀ፤ ለእኔ የደረሰኝ ገለባው ነው። እማዬን አመስግንልኝ፤ ካልሲው የእሷ ሥራ መሆኑን አውቄያለሁ። እዚህ አሁንም በጥላ ቦታ በረዶ አለ፤ ገበሬዎቹ ግን ድንች መትከል ጀምረዋል።

ምሳ እበላለሁ። አዎ፣ ትኩስ። ተማሪ ሲታጠፍ እጄን ዳሽቦርዱ ላይ አላስደግፍም። ዋና አሰልጣኙ ሺባሳኪ ደግ ሰው ነው፤ ተማሪ ስላነሰን ግን ፊቱ ሁልጊዜ ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ፊት ነው።

አሁን ይቅርታ ልጠይቅህ። የላክሃቸውን ዶክተር መልሻቸዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት መኪና የምፈትሸው እኔ ነኝ። የቀበቶው ጊዜ አልፎ እንደሆነ ጨርቁ ላይ የተሰፋውን ቀን አያለሁ፤ የጎማ ዳዶ በቁልፍ እነካለሁ፤ የፍሬን ዘይት መቼ እንደተቀየረ እጠይቃለሁ፤ ምንጣፍ አስወጣለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ደንብ አለን፦ ለነጂው የተደረገ ጥበቃ ሁሉ ለአሰልጣኙም ይደረጋል። ነጂው በአራት ቦታ የሚታሰር ቀበቶ ካደረገ እኔም ያንኑ። ነጂው ጎኑን አቅፎ የሚይዝ ወንበር ካለው እኔም ያንኑ። መኪናዋ ጣሪያ ከሌላት የብረቱ ቅስት ከሁለታችንም ጭንቅላት በላይ ማለፍ አለበት፤ ብንገለበጥ መሬቱ ብረቱን እንጂ እኛን እንዳይነካ።

ዶክተሩ ሲደርሱ ወርደው የግራውን በር እንደ ሆቴል ዘበኛ ከፈቱልኝ። «ግቢ አስተማሪ!»

ውስጡ ባዶ ብረት ነው። ባዶው ወለል ላይ አንድ ጃንጥላ ተኝቷል።

«ዶክተር፣ የት ልግባ?»

«ኧ... አባትሽ እኮ መኪናዋ እንደ ላባ ቀለለች ብለውኝ ነበር።»

«ቀልላለች። እኔን ትታኝ ስትሄድ ደግሞ የበለጠ ትቀላለች።»

ሳቁ፤ ግን ከልባቸው አልነበረም። ቅስቱም ግማሽ ነው፤ ከሳቸው ጀርባ ብቻ ጎበጥ ብሎ የቆመ። የሱቃችን ምልክት በሩ ላይ ተለጥፎ ሌሎቹ አሰልጣኞች ሁሉ አይተውታል። ያ ነው ያቃጠለኝ።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ስትጨርስ ጻፍልኝ።

ኪዮካ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ሜይ 13

ዝናብ። አንድ ሄልሜትና የፍሬን ሸራ ሸጥኩ። የኪዮካ ደብዳቤ ደረሰ። ተቆጣሁ፤ ከዚያ ደንቡን ደግሜ አነበብኩት። ደንቡ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ቁጣዬን አላበረደውም፤ አባሰው እንጂ።


ሺሞዳቴ፣ ሜይ 14

ለልጄ ለኪዮካ፣

ቁጣዬን ጨርሻለሁ። አንድ ቀን ፈጀብኝ።

ግማሹን ቅስት ለምን ገጠምክ ብትዪኝ፣ ዶክተሩ ቀላል ነገር ይወዳሉ፤ ሜዳችን ላይም ከሳቸው ሌላ የሚገባ ሰው አልነበረም። ጎናቸው ማን ይቀመጣል ብዬ አልጠየቅሁም። ባዶ ቦታ መሸጥ ለምዶብኛል። ጃንጥላውን ግን እኔ አይደለሁም ያስቀመጥኩት።

እናትሽ ትንንሾቹን ሐብሐቦች ልካልሻለች። ለሺባሳኪም አንድ ስጪው።

አባትሽ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ሜይ 27

ኪዮካ ድጋሚ ጽፋለች፤ በዚህኛው ቀልድ የለበትም። ዶክተሩ ኦቢሂሮ ያለ ጋራዥ ወስደው በግራ በኩል ተራ ወንበርና ተራ ቀበቶ አስገጥመዋል። ቅስቱ እንደነበረ ግማሽ ነው። ሺባሳኪ «ቀስ ብለው ይነዳሉ፣ ለዛሬ ተቀመጪላቸው፤ የጡረተኛ ሐኪሞች ማኅበር አባላትን ሁሉ ሊያመጡልን ነው» ብሏታል። እንቢ ካለች በሴፕቴምበር መጨረሻ ቋሚ ላትሆን ትችላለች። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ በግማሽ ቅስት በግራ በኩል መቀመጥ ይቻላል ወይ? «እንደ አባት ሳይሆን እንደ ነጋዴ መልስልኝ» ትላለች።


ሺሞዳቴ፣ ሜይ 28

ለልጄ ለኪዮካ፣

ጥያቄሽን በጥሞና አይቼዋለሁ። ያቺ መኪና ዝቅ ያለች ናት፤ ዝቅ ያለች መኪና በቀላሉ አትገለበጥም። ዶክተሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ፍጥነት ሳይበዛ፣ አንድ ሁለት ዙር ቢሆን፣ ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው ለማለት ይከብዳል። ዋና አሰልጣኝሽም ልምድ ያለው ሰው ስለሆነ የሱን አስተያየት ማክበር ተገቢ ይመስለኛል።

አባትሽ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ በዚያው ቀን

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ጥዬ ስመለስ ሚስቴን ያኤኮን ባቄላ ስትቀነጥብ አገኘኋት።

«ምን አልካት?»

«ቀስ ካሉ ችግር የለውም አልኳት።»

«ብረቱ ከጭንቅላቷ በላይ ነው?»

«ከዶክተሩ ጭንቅላት በላይ ነው።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ዶክተሩ ነው እንዴ?» ብላ ባቄላዋን ቀጠለች። እንዲህ አይነት ሴት ናት፤ አትጮህም፤ ቀንጥባ ትጥልሃለች።

ሱቅ ገባሁ። ከቆጥ ሁለት ወንበሮች አውርጄ ጎን ለጎን አቆምኩ። ያልተሸጠ ግማሽ ቅስት ነበረኝ፤ ከቀኙ ወንበር ጀርባ አስደገፍኩትና በግራው ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ አየሁ። ከራሴ በላይ የሱቁ አምፖል ብቻ ነው። ይህን ዕቃ ሠላሳ ዓመት ስሸጥ በግራ በኩል ሆኜ አይቼው አላውቅም።

ተራውን ቀበቶም አሰብኩት። መኪናዋ ስትገለበጥ ዶክተሩ በአራት ማሰሪያ ከወንበራቸው ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። እሷ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ወደ ላይም ትወጣለች። ወደ ምን? ወደ አየር፤ ከዚያ ወደ መሬት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይጻፍ። አትቀመጪ ካልኳት ሥራው ይበላሽባታል። ከተበላሸባት ቤት ትመለሳለች። ቤት እንድትመለስ ደግሞ እፈልጋለሁ። ታዲያ አትቀመጪ በላት የሚለኝ ስለ ብረቱ የማውቀው ነው ወይስ የምፈልገው? ብረቱ ነው። ሁለቱ በአንድ መንገድ ስለገጠሙ ብረቱ ውሸት አይሆንም።


ሺሞዳቴ፣ ሜይ 29 (በፈጣን ፖስታ)

ኪዮካ፣

ትናንት የላክሁት ደብዳቤ ከዚህኛው በኋላ ይደርስሻል። ሳትከፍቺ ጣይው። ዕቃ ሊሸጥ የፈለገ ሰው ነው የጻፈው።

አትቀመጪ። ቀስ ቢሉም አትቀመጪ። ሺባሳኪ ቢለምንሽም፣ ዶክተሩ ቢያኮርፉም አትቀመጪ። ግማሽ ቅስት የግማሽ ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ በሌላኛው ግማሽ ነሽ። የገጠምኩት እኔ ስለሆንኩ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። «የሠራው ሰው ራሱ አይሆንም ብሏል» በያቸው። በስሜ ተናገሪ።

አባትሽ


ቶካቺ፣ ጁን 6

አባዬ፣

ፈጣኑ ቀድሞ ደረሰ። ያኛውን በማግስቱ ከፈትኩት፤ መቼም ሳትከፍቺ ጣይው የተባለን ደብዳቤ የሚጥል ሰው የለም። «ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው ለማለት ይከብዳል» የሚለውን ለማደሪያዬ ልጆች አነበብኩላቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያገለገለ ሄልሜት የምትሸጥበት ድምፅ ነው፣ አባዬ።

እንቢ ብያለሁ። ዶክተሩ መኪናዋን አዙረው ሄዱ። ሺባሳኪ አልተቆጣም፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ ወንበር ላይ አላስቀመጠኝም። ሜዳው ላይ የሚደረደሩትን የጎማ ምልክቶች አጥባለሁ፤ አደርቃለሁ፤ እደረድራለሁ። በዚህ ከቀጠለ በሴፕቴምበር ስንብት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቆጣ። እማዬ አልጋዬን ፀሐይ እንዳስመታችው ጽፋልኛለች። አንተ ደግሞ መጀመሪያ «ተቀመጪ» ብለህ በማግስቱ «አትቀመጪ» አልክ። በሁለቱ ደብዳቤዎች መካከል ምን ሆንክ? አትቀመጪ ያልከኝ ብረቱ ስለማይበቃ ነው ወይስ ቤት እንድመለስልህ? እውነቱን ብትነግረኝ አልቀየምህም። አንተን መቀየም ብዙ ሥራ ይጠይቃል።

ኪዮካ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ጁን 10

ያዘችኝ። ልጄ ናት፤ ብትይዘኝ አይገርምም።

በቃል የምመልስላት ነገር የለኝም። «ስለ ብረቱ ነው» ብላት ታምነኛለች፤ ግን ነጋዴ ሲምል ማንም አይመዝነውም። ስለዚህ ዕቃ ይላክ። ሙሉ ቅስት፣ የግራ ወንበር፣ የግራ ቀበቶ። ከተገጠመላት መቀመጥ ትችላለች፤ ከተቀመጠች እዚያው ትቀራለች። ያኔ ስለ ብረቱ ነው ያልኩት መሆኑን ታያለች።

ለዶክተር ኢጋራሺ ደወልኩ።

«አቶ ኔሞቶ፣» አሉኝ፣ «አርባ ዓመት በሰው አፍ ውስጥ እጄን ስከት ኖሬ አንድም ሰው አልነከሰኝም። የእርስዎ ልጅ ነከሰችኝ።»

«ጥርሷን ያከሙት እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። ጥሩ ሥራ ነው የሠሩት።»

ከዚያ ሲስቁ ሰማሁ። እሺ አሉ፤ ግን የግራው ወንበር ከቀኙ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ መኪናዬ ሸውራራ እንዳትመስል አሉ። ደንቡም ይህንኑ ይላል። ችግሩ ያ ወንበር ከፋብሪካ መውጣት አቁሟል። ጥንድ ሆኖ ነበር የመጣልኝ። አንዱ ከዶክተሩ ሥር ነው። ሌላኛው ከመነኩሴው ሥር።


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ጁን 12

ወደ ላይኛው ቤተ መቅደስ ወጣሁ። መነኩሴው ጌንሹ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በተሽከርካሪ እግሩ ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ ሳይነሱ ይሄዳሉ።

«መምህር፣ አንድ ወንበር ፈልጌ ነበር።»

«ነጋዴው አንተ አይደለህ? ምን ልሽጥልህ?»

«የተቀመጡበትን።»

መንቀሳቀሳቸውን አቆሙ። «አቶ ኔሞቶ፣ እኔ የያዝከውን ሁሉ ልቀቅ ብዬ የማስተምር ሰው ነኝ።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ይህን ወንበር ግን አልለቅም። ወገቤ የዳነው በሱ ነው።»

ሁለት ወንበር አቀረብኩ። ሦስት አሉ። ቆጡ ላይ ካለው ራስዎ ይምረጡ አልኩ። የሣር ማጨጃ ሞተራቸውን እንድጠግን ጨመሩበት። የመቃብሩን ደረጃ ሲያጥቡ ቱቦ እንዳውሳቸው ጨመሩበት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ተከራካሪ አይቼ አላውቅም፤ በልጅነታቸው አንድ ሰው ገበያ ቢያስገባቸው ኖሮ ሺሞዳቴ የሳቸው ነበረች።

«ለማን ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ልጄ ልትቀመጥበት ነው።»

ወዲያው ተነሡ። ወንበሩን በእጃቸው ጠረግ አድርገው ወደ እኔ ገፉት። «እንግዲያው ሁለቱ ይበቃኛል፤ ሣር ማጨጃውን ግን አልተውም» አሉ።


ሺሞዳቴ፣ ጁን 19

ኪዮካ፣

ለጥያቄሽ መልስ ይዤ ቅዳሜ ከኦአራይ ወደብ በመርከብ እነሣለሁ። መልሱ ከባድ ስለሆነ የኡሱይን ፒክአፕ ተውሻለሁ። ሺባሳኪን አንድ ጥግና መብራት እንዲፈቅድልኝ ጠይቂው። ዶክተሩ መኪናዋን ያመጣሉ። ትፈትሺያለሽ። አባትሽ መሆኔን እርሺው።

አባትሽ


ቶካቺ፣ ጁላይ 4

አባዬ፣

በሰላም ቤት በመግባትህ ደስ ብሎኛል። መርከቡ ላይ ከጭነት መኪና ሹፌሮቹ ጋር ካርታ ተጫውተህ ማሸነፍህን እማዬ ነግራኛለች፤ አንተ ለምን ደበቅከኝ?

መጀመሪያ ስለ ፍተሻው ላንሣ፤ ስትሄድ አፍሬ አላነሣሁትም። በሰው ፊት የመለስኩህ ተጨንቄ ነው። መኪናዋ ሥር ገብቼ በባትሪ ሳይ የቅስቱ የቀኝ እግር ከሥሩ ወፍራም ብረት ተደርጎለታል፤ የግራው ብሎን ግን በቀጭኑ የወለል ቆርቆሮ ላይ በትንሽ የሮንዴላ ቀለበት ብቻ ነው የታሰረው። ቅስቱ ሙሉ፣ ወንበሩ ጥንድ፣ ቀበቶው አዲስ፤ ማጠናከሪያ ብረት ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የያዝከው። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠህ! «አባዬ፣ እጅህ አሁንም የሚያስበው ለአንድ ሰው ነው» ስልህ ጆሮህ ቀላ። ሺባሳኪ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሳቁን ሲያፍን አይቼዋለሁ። አንተ ግን ወዲያው ትራክተር ጠጋኙ ዘንድ ሄደህ ብረት አስቆርጠህ መጣህ። ድጋሚ ሥር ስገባ አጠገቤ አስፋልቱ ላይ ተኝተህ ባትሪውን የያዝክልኝ አንተ ነህ። በዚያ ወገብህ።

ከዚያ ሄልሜት አድርጌ በግራ ተቀመጥኩ። ሺባሳኪ የምንለካበትን ቀጥ ያለ ዘንግ ከቅስቱ አናት እስከ ፊት መስታወቱ አናት ዘረጋው። ዘንጉ ጭንቅላቴን አልነካም። አንተ ግን ጎንበስ ብለህ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ደግመህ ደግመህ አየኸው። ያንን አልረሳውም።

«ያዘ ወይ?» ላልከኝ፣ ይዟል። ማክሰኞ ከዶክተሩ ጋር ወጣን። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መመሪያዬን ገና ሳልጨርስ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ድንገት አነሡ፤ መኪናዋ ኋላዋን አዙራ ሣሩ ላይ ወጣች፤ ሁለት ጊዜ ተሽከረከርንና ቆምን። አልተገለበጥንም፤ አትደንግጥ። ለእማዬ ሁለት የሚለውን አንድ ብለህ ንገራት። ትከሻዬ ከወንበሩ አልተላቀቀም። አቧራው ሲወርድ ዶክተሩ ወደ ግራ ዞረው አዩኝ፤ ከተገናኘን ጀምሮ ሲነዱ ወደ እኔ ሲዞሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ዶክተር። እርስዎስ?»

«እኔን ተዪኝ!» አሉ። ወንበሬን ነካ አድርገው፣ «ይህን ወንበር አንድ መነኩሴ ተቀምጦበታል የተባለው እውነት ነው?» አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ «ታዲያ ትንሽ ጸሎት ተርፎበት ይሆናል፤ አንድ ዙር እንሞክረው» አሉ።

ደብዳቤዬ ላይ የጠየቅሁህን በአፍህ አልመለስክልኝም። ይሁን። ሥር ገብቼ አይቼዋለሁ።

ኪዮካ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ሴፕቴምበር 24

ሁለት መንገደኛ ደንበኞች፤ አልገዙም። የኪዮካ ደብዳቤ ደረሰ።

ሺባሳኪ ቋሚ ሊያደርጋት ነው። ከእሱም አልፎ፣ ክረምቱን በበረዶ ላይ የመንዳት ትምህርት እንድትመራ ይፈልጋል። ውሉ ጠረጴዛዋ ላይ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መፈረም አለባት። ከዚያ እንዲህ ትላለች፦ «ካልፈረምኩ በኦክቶበር ቤት ነኝ፤ ሱቁን ከአንተ ጋር እይዛለሁ፤ ከልቤ ነው የምልህ። ጉልበትህም የድሮው አይደለም፤ አስፋልቱ ላይ ስትነሣ አይቼሃለሁ። ወይ ነይ በለኝ፣ ወይ ፈርሚ በለኝ። አንተ ያልከውን አደርጋለሁ።»

ለያኤኮ አነበብኩላት።

«ደስ አላለህም?» አለችኝ።

«ብሎኛል።»

«ፊትህ እንደዚያ አይልም።»

«ፊቴ የነጋዴ ፊት ነው።»

«እኔ ደግሞ ደንበኛህ አይደለሁም» ብላ ወጣች። ከጓሮ የልብስ መስጫውን ዘንግ ስታንኳኳ ይሰማኛል። ምንም የተሰጣ ልብስ የለም።

«ነይ» ብላት ትመጣለች። ሁለት ፊደል ናት። ለሱቁ ታስፈልገዋለች፤ ለወገቤም ታስፈልገዋለች፤ ይህ ሁሉ እውነት ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከብረቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብረቱን በዘንግ ለካነው። ይህንን የምለካበት ዘንግ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚያ ሜዳ ስነሣ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ እሷ ግን የሚቀጥለው ተማሪ መኪና ሥር ገብታ እግሯ ብቻ ይታይ ነበር። ልትሰናበተኝ ቆማ አልጠበቀችም። ሥራ ላይ ነበረች።


ሺሞዳቴ፣ ሴፕቴምበር 26

ለልጄ ለኪዮካ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደህና ነው፤ አስፋልቱ ላይ ስነሣ የተንቋቋው ሱሪዬ ነው።

ለእናትሽ ሁለቱን አንድ ብዬ ነግሬያት ነበር፤ አላመነችኝም፤ አሁን ሦስት ነው ብላ ለጎረቤት ታወራለች። ኡሱይ ፒክአፑን ካዋሰኝ ወዲህ የአንቺ ነገር የሱ ሥራ መስሎታል። ሱቁ ለገባው ሁሉ «የዚህ ሰውዬ ልጅ በሰው መኪና ግራ ተቀምጣ ሰው ታስተምራለች፤ እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ያለ ደሞዝ» ይላል።

የእናትሽ ወንድም መከሩን አስገብቷል። ዘንድሮ ሩዙ ያማረ ነው። እንደምታውቂው በየዓመቱ ለቤታችን ሦስት ድርሻ ይሰጠናል፤ የአንቺን ድርሻ ካቻምና ዩኒቨርሲቲ ሳለሽም፣ ዘንድሮ ከሄድሽ በኋላም፣ ሙሉውን ከቤት አውጥተን አናውቅም። በትንሽ በትንሹ እንልክልሽ ነበር፤ የቀረው እስክትመጪ እዚሁ ጎተራ ይጠብቅሽ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ድርሻሽን ሙሉውን ጫንኩት። የዓመት ነው። እናትሽ ከረጢቱን በእጇ ሰፍታ ስምሽንና የቶካቺውን አድራሻ በትልቁ ጻፈችበት፤ የእኔን ጽሕፈት ፖስተኛ አያነበውም አለች። አርብ ይደርስሻል። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አዘጋጂለት፤ ለማደሪያሽ ልጆች አትበትኚው፤ ክረምቱ እዚያ ረጅም ነው ይላሉ።

መጀመሪያ ፈርሚ፤ ከዚያ ከረጢቱን ክፈቺ።

አባትሽ ሳዳኪቺ